ቦርደዴን «ቦርድድ» ያደረገች ቁልፍ

ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ሁሉ በቦርደዴ አልፏል፤ ቦርደዴን ያያት ግን ጥቂት ነው። ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ተሳላሚ እዚያ ሲደርስ እንቅልፍ ይዞታል። የድሬዳዋው ነጋዴ ስለ ሒሳቡ ያሰላስላል። ሾፌሩም ቢሆን ሐሳቡ ያለው ሚኤሶን አልፎ ወደ ጭሮ የሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ቦርደዴ በመስኮት በኩል ትመጣለች፣ በመስኮት በኩል ትሄዳለች፤ በቃ!

እኔ ግን ባለፈው በጋ ወረድኩባት። ሁለት ሌሊት አደርኩባት። የሄድኩበት ምክንያት ደግሞ ላፕቶፕ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ የምታስተምር አንዲት ጓደኛ አለችኝ። «ነይና ጎብኚኝ፤ እዚህ ሰው ናፈቀኝ» ስትለኝ ዓመት ሆናት። እኔም ዛሬ ነገ ስል ከርሜ ነበር። አንድ ቀን ደወለችና «ጉብኝቱ ይቅርብሽ፤ ይልቅ አንድ ችግረኛ አለና ድረሺለት» አለችኝ። ችግረኛው በከተማዋ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት የሚሰጥ ወጣት ነው። ያለው ንብረት አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ነው። የላፕቶፑ ኪቦርድ ሞተ። ጭሮ ወስዶ ያሳየው ጠጋኝ የጠራለት ዋጋ የዕቃውን ሁለት እጥፍ ሆነበት። «ተይው አቦ፣ ተበልቻለሁ!» ብሎ ክፍሉን ቆልፎ ተቀመጠ።

ጓደኛዬ ለምን እኔን እንዳሰበች ግልጽ ነው። የራሴን ላፕቶፕ ኪቦርድ አዲስ አበባ ቤቴ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ መቀየሬን ታውቃለች። እኔ ቴክኒሽያን አይደለሁም፤ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ግን እንጀራዬ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፌ የሚወጣው ደግሞ ከእነዚያ ቁልፎች ነው። «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባል የለ? እኔንም ችግር ነው ካቻቢቴ ያስጨበጠኝ።

ዕቃው ሳይታወቅ መንገድ አይወጣም

በስልክ መጀመሪያ ያዘዝኩት ይህን ነው፤ «ላፕቶፑን ገልብጥና ከሆዱ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የላይኛውንም ገጽ አንሳልኝ።» ይህን ልብ በሉ ውድ አንባቢያን! ብዙ ሰው ገበያ ወጥቶ «የዴል ኪቦርድ አለ?» ወይም «የኤችፒ አለ?» ይላል። ይህ ጫማ ተራ ሄዶ «የሰው ጫማ አለ?» እንደ ማለት ነው። አንድ ድርጅት በደርዘን የሚቆጠር ዓይነት ኪቦርድ ይሠራል። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ኪቦርዶች ከጀርባቸው የገመዱ መውጫ በአንዱ በስተግራ፣ በሌላው በስተቀኝ ይሆናል። የቪቴው ቀዳዳ ይለያያል። የኢንተር ቁልፍ በአሜሪካው አሠራር ጋደም ያለ ነው፤ በእንግሊዙ ደግሞ ቆሞ ሁለት መስመር ይይዛል። ከሥር መብራት ያለው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ቀጭን ገመድ ይኖረዋል፤ መብራት የሌለውን ገዝታችሁ ከሆነ ጨለማውን ለምዳችሁ መኖር ነው።

የምሥራቅ ሰው ለእንዲህ ያለ ዕቃ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ በኤሌክትሮኒክስ የታወቀ ነውና። እኔ ቅርቤ አዲስ አበባ ስለሆነ ሁለት ቀን ዞሬ አገኘሁት። ዋጋው ግን የድሮው አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ሄደ። ከውጭ የሚገባ ሁሉ፣ ይህች ጥቁር ፕላስቲክ ሳትቀር፣ አብራ ዘለለች። ለዚህም ነው «በራስ እጅ መሥራት» የሚባለው ነገር ዛሬ የጨዋታ ጉዳይ ያልሆነው። ዕቃው ላይ መቆጠብ ካልተቻለ የእጁን ዋጋ ማስቀረት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?

መንገዱ

ሐሙስ በሌሊት ተነሳሁ። አዳማን፣ ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። በሰቃ ሐይቅ እንደ ልማዱ መንገዱን ተጠግቶ ተኝቷል፤ ከወዲያ የፈንታሌ ተራራ አለ። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የከረመው በዚህ አካባቢ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ተራራውን አይተው አማተቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በኋላ የሚሌው መንገድ ወደ ሰሜን ሲገነጠል የከባድ መኪናው ጋጋታ አብሮት ይሄዳል። የእኛ መንገድ ወደ ሐረርጌ ይቀጥላል። ግራሩ እየሳሳ፣ አፈሩ እየነጣ፣ ሙቀቱ እየበረታ ይመጣል። በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ግመሎች አስፋልቱን ሲሻገሩ ሾፌሩ ሞተሩን ቀንሶ ይጠብቃል፤ ግመል ጥሩንባ አይሰማም፤ ቢሰማም ግድ የለውም። በስተቀኝ በኩል የጨርጨር ተራሮች በሩቁ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። እዚያ ላይ ብርድ አለ፣ ቡና አለ፣ ጫት አለ። እታች ግን ሌላ ዓለም ነው።

ቦርደዴ ምዕራብ ሐረርጌ ጉምቢ ቦርደዴ ወረዳ ውስጥ ናት። ከሚኤሶ በፊት፣ የአሰቦት ተራራ ከፊት ለፊት ብቅ ሲል የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አሰቦት ደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ያለበት ያ ተራራ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የከተማዋ ሕይወት አስፋልቱ ላይ ነው። ሻይ ቤቱ፣ ፍየል ሻጩ፣ የግመል ወተት በጀሪካን የያዙ ሴቶች፣ ባጃጁ... ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። መኪና ሲቆም ከተማዋ ትነቃለች፤ መኪናው ሲሄድ ተመልሳ ጥላ ትይዛለች።

ሰውና ሰው ሲነጋገር ደግሞ ደስ ይላል። በዚያ አገር አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ ዕቃውን ያመጣሽው? አቦ ሙቀቱ አልገደለሽም?» ብሎ ተቀበለኝ ባለ ላፕቶፑ፤ እንደ ታናሽ ወንድሜ።

ሆጃና ኪቦርድ

በሽታው ምን ነበር? ሆጃ! ለማታውቁ፣ ሆጃ በሐረርጌ የቡና ገለባ ተፈልቶ ከወተት ጋር የሚጠጣ ነው። የልጁ የእህቱ ልጅ፣ የአራት ዓመት ሕፃን፣ ስኳር የበዛበት ሙሉ ሲኒ ሆጃ ኪቦርዱ ላይ ደፋችው። እሱም እንደ ማንኛውም ሰው በጨርቅ ጠረገና ሥራውን ቀጠለ። ሦስት ቀን ምንም አልሆነም። በአራተኛው ቀን ግን በእንግሊዝኛው አምስተኛዋ ፊደል፣ «ኢ» የምንላት፣ ጸጥ አለች። ቀጥሎ «ሲ» ያለ ማንም ነካኪ ራሷን መጻፍ ጀመረች።

ፈሳሽ ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። ከቁልፎቹ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ የተነጠፉ ስስ የፕላስቲክ ወረቀቶች አሉ። በላያቸው ላይ እንደ ቀለም የተሳሉ መስመሮች ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ቁልፍ ስንጫን ሁለቱ ወረቀቶች ይነካካሉ፤ ኮምፒዩተሩም «ይህችን ፊደል» ይላል። ውሃ ብቻ ቢሆን ይደርቃል። ስኳርና ወተት ግን ይጣበቃል፤ መስመሩንም ቀስ ብሎ ይበላዋል። ስለዚህ አንዷ ቁልፍ ትሞታለች፣ ሌላዋ ተጣብቃ ትቀራለች። አንድ መስመር ከተበላ ደግሞ በዚያ መስመር ላይ ያሉ ቁልፎች በቡድን ይሞታሉ። እንዲህ ሲሆን የላይኛዋን ክዳን ብቻ ነቅሎ መቀየር ፋይዳ የለውም። ሙሉ ኪቦርዱ ነው የሚቀየረው።

«አንዲት ፊደል ብትጎድል ምን ይሆናል?» የሚል ሰው የአማርኛን ጽሕፈት አያውቅም ማለት ነው። ፊደላችን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ጥቂት። ኢንጅነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ከዚህ ጋር ታግለው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህም ዘዴው ያው ነው፤ አንዱን ፊደል በሁለት ቁልፍ እንመታለን። «ድ» ብለን «ኢ»ን ስንጨምርባት «ደ» ትሆናለች። ያች ቁልፍ ስትሞት ግዕዙና ኃምሱ አብረው ይሞታሉ። ልጁ ሊያሳየኝ የከተማውን ስም ጻፈ። የወጣው «ቦርድድ» ነው! «ለጤና ጽሕፈት ቤት» ብሎ ሲሞክር «ልጥና ጽሕፍት ብት» ሆነ። በመካከሉ ያቺ የተጣበቀች ቁልፍ «ችችችችች» ትላለች። ሳቅንም አዘንንም።

በአፋን ኦሮሞማ ይብሳል። የአካባቢው የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በ1984 ዓ.ም. በይፋ በተያዘው በቁቤ ነው። በቁቤ ደግሞ አናባቢ ሲረዝም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «አዎን» ለማለት «ኤዬ» ይባላል፤ ሲጻፍ ስድስት ፊደል ነው። ከስድስቱ አራቱ ይህችው ቁልፍ ናት! እሷ ከሞተች የሚቀረው ሁለት ፊደል ነው። «አዎን ማለት እንኳ አልቻልኩም እኮ» አለኝ ልጁ።

አርብ ቀን የምታበቃ ምዝገባ

ሥራውን ቅዳሜ ረጋ ብዬ ልሠራው ነበር ሐሳቤ። ግን በሩ ላይ እናትና ልጅ ቆመው አገኘኋቸው። እናትየው የግመል ወተት የሚሸጡ ናቸው። ልጃቸው በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ዓመት አልፏታል። ጭሮ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቶ የሰሙት ረቡዕ ማታ ነው። ምዝገባው አርብ ያበቃል። ከማስረጃዎቹ ጋር የነዋሪነት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው እዚሁ ይጻፋል፣ እዚሁ ማኅተም ይመታበታል። ሚኤሶ ሄዶ ማስጻፍ ይቻላል፤ ግን ለማኅተም ተመልሶ መምጣት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ጭሮ። ለዚያ ሁሉ ቀኑ የለም፤ የመኪና ሒሳቡም የወተቱን ትርፍ ይበላዋል።

እናትየው እኔን አዩ፣ በእጄ የያዝኳትን ካርቶን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። «ልጄን ያስተማርኩት በወተት ነው» አሉ። «ወረቀቱን አሟልታ በአንዲት ፊደል ትቅር?» እኔ ምን ልበላቸው? «እማማ፣ ይቀመጡ» ብዬ ወንበር ሰጠሁና ሥራ ጀመርኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ እስኪዘጋ ሦስት ሰዓት ይቀራል።

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት

መጀመሪያ በሽታውን ማረጋገጥ ነው። ከትምህርት ቤት ተውሰን ባለ ዩኤስቢ የውጭ ኪቦርድ ሰካሁ። በእሱ ላይ «ኢ» ሠራች፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ ደህና ነው፤ የታመመው ኪቦርዱ ብቻ ነው። «ታዲያ በዚህ ለምን አይጽፍም?» ትሉኝ ይሆናል። ያቺ የተጣበቀች «ሲ» አታስጽፍማ! የውስጡ ኪቦርድ ካልተነቀለ የውጩ ብቻውን አይበቃም።

አንዳንዴ ደግሞ በሽታው በሽታ አይደለም። የቀኝ ሺፍትን ለስምንት ሰከንድ ተጭነው ከያዙ ዊንዶውስ ቁልፎችን የሚያዘገይ ዘዴ አለው፤ ሰው ሳያውቅ ያበራውና «ኪቦርዴ ሞተ» ይላል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይም ነምሎክ ሲበራ በስተቀኝ ያሉት ፊደላት ቁጥር ይሆናሉ። ይህን ሳያዩ ገንዘብ ይዞ መሮጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው። ያደረግሁትን በተራ ልንገራችሁ፤ በአብዛኛው ከላይ ለሚወጣ ኪቦርድ ይሠራል።

አንደኛ፣ ላፕቶፑን ማጥፋት። ማስተኛት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት። ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪውን ማውጣት፣ ከዚያ ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይወጣል። ባትሪው ከውስጥ የሆነ ላፕቶፕ ከሆነ ሆዱ ተከፍቶ መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀላል።

ሁለተኛ፣ ቪቴዎቹ። የሁሉም ርዝመት አንድ አይደለም። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ከከተታችሁት ሰሌዳውን ሊበሳው ይችላል። እኔ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ሥዕል ሥዬ እያንዳንዱን ቪቴ ከወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኪቦርዱን የያዙት ቪቴዎች በትንሽ የኪቦርድ ሥዕል ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ዓይን ያለው ያያል።

ባለ ላፕቶፑ ልጅ የመሣሪያዎቹን ስም እየጠራ ሲያቀብለኝ ገረመኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቪቴ... ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ብሎን ደግሞ ከፈረንሳይ። የምሥራቁ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። ለአንድ ትውልድ የድሬዳዋ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ማለት የእጅ ሙያ ማለት ነበር። የእነዚያን ሰዎች የልጅ ልጆች ላፕቶፕ ያስፈራቸዋል ቢባል እኔ አላምንም።

ሦስተኛ፣ መንጠቆዎቹ። ቪቴው ከወጣ በኋላ ኪቦርዱ በላይኛው ጠርዝ በትንንሽ የፕላስቲክ መንጠቆዎች ተይዟል። ቢላዋ እንዳታስጠጉ! ያገለገለ የሲም ካርድ ማቀፊያ ፕላስቲክ ይበቃል። አንዱን መንጠቆ ከፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ኃይል የጠየቀ ጊዜ የቀረ ቪቴ አለ ማለት ነው፤ መታገል ሳይሆን መፈለግ ነው። እኔም አንድ ቦታ ላይ እምቢ ሲለኝ ቆም ብዬ ላፕቶፑን ገለበጥኩና በአቧራ የተደፈነ አንድ ቪቴ አገኘሁ። የቦርደዴ አቧራ ቪቴም ይደብቃል።

አራተኛ፣ ገመዷ። ኪቦርዱ ሲነሳ ብድግ አድርጎ መሳብ የለም። ከሥሩ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነች አጭር ገመድ ከሰሌዳው ጋር ታያይዘዋለች። የገባችበት ቦታ ላይ ቀጭን መቆለፊያ አለ፤ በአንዳንዱ ወደ ላይ ይከፈታል፣ በአንዳንዱ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። በጥፍር ይከፈታል። ከተከፈተ ገመዷ ራሷ ትወጣለች። ሳይከፈት የጎተተ ሰው ግን የሚሰብረው መቆለፊያውን ነው፤ ያ ደግሞ ያለው ኪቦርዱ ላይ ሳይሆን ዋናው ሰሌዳ ላይ ነው። ትንሿ ሥራ ትልቅ ሥራ የምትሆነው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ አዲሱን ማስገባት። ገመዷ ሳትጣመም፣ እኩል ገብታ፣ ከዚያ መቆለፊያው ይዘጋል። ቪቴ ከመታሰሩ በፊት ባትሪውን መልሶ፣ አብርቶ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መሞከር ነው።

ክፍሏ ውስጥ ስድስት ሰው ነበርን። የሙቀቱ ነገር አይነሳ። ላፕቶፑ እስኪበራ ማንም አልተነፈሰም። ልጁ ጣቱን አስጠጋና የከተማውን ስም ጻፈ፤ ቦርደዴ! «ችችች» የምትለዋም ዝም ብላለች። እናትየው ማንበብ ባይችሉም ከፊታችን ላይ አነበቡት፤ እልልታቸውን ለቀቁት። የአስፋልቱ ሰው ሠርግ ያለ መስሎት ወደ በሩ መጣ።

የነዋሪነት ደብዳቤው ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ታተመ። ልጅቱ ይዛው ሮጠች። ማኅተሙ የተመታው ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ነው። በማግስቱ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ወደ ጭሮ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላም «ተመዝግቤያለሁ» ብላ ደወለች። ሥራውን ማግኘቷ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ወንበር ስንት ተመራቂ እንደሚሰለፍ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከሰልፉ የቀረችው በአንዲት ቁልፍ ምክንያት አይደለም።

እጅን መሰብሰብ ያለበት ጊዜ

ይህን ስላልኩ ሁሉም ካቻቢቴ ይያዝ ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ኪቦርዳቸው ከላይኛው ክዳን ጋር በፕላስቲክ ቀልጦ የተጣበቀ ነው። እሱን ለማውጣት ዋናው ሰሌዳ ሳይቀር ሁሉም ይፈታል። የአፕል ላፕቶፖችማ ኪቦርዱን በብዙ ጥቃቅን ማሰሪያ ነው የሚይዙት። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያወጣው ስስ ኪቦርድ በአቧራ ቅንጣት ሳይቀር ቁልፉ እየተያዘ ሲያስቸግር በ2018 በነፃ የመጠገን መርሐ ግብር ለመክፈት ተገዷል። ሀብታም አገር ያለ ሰው በአቧራ ከተሸነፈ የቦርደዴ ልጅ ምን ይበል?

እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ያላችሁ ባለሙያ ጋር ሂዱ። ወይም ጠጋኙ የውስጡን ገመድ ብቻ ነቅሎ ይዝጋላችሁና ርካሽ የውጭ ኪቦርድ ሰክታችሁ ሥሩ። አያምርም እንጂ እንጀራ ያበላል። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ከሆነ ግን በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ አትነካኩት፤ ባትሪ ሲበሳ እሳት ነው።

ፈሳሽ የተደፋባችሁ ዕለት ደግሞ ጨርቁን ከመፈለጋችሁ በፊት አጥፉት። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ላፕቶፑን ክፍት እንዳለ እንደ ድንኳን ገልብጣችሁ ፈሳሹ በመጣበት ይመለስ። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት የሚላችሁን አትስሙ፤ ሩዝ ስኳር አያወጣም። «አሁን ይሠራል» ብላችሁም አትዘናጉ። የሆጃው ነገር ሦስት ቀን ታግሦ ነው የገደለው።

ቅዳሜ ጠዋት የአዲስ አበባ መኪና ስጠብቅ ባለ ላፕቶፑ ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የሞተውን ኪቦርድ አልጣለውም። ክዳኖቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በብልቃጥ አስቀምጧል፤ ለተሰበረበት ሰው ልክ ከሆነ ሊሸጥለት። ያቺን ስድስት ብር የማታወጣ የሲም ማቀፊያ ፕላስቲክ ሳይቀር ለመነኝ፤ ሰጠሁት። ካቻቢቴዬን ግን አልሰጠሁትም፤ የት እንደሚገዛ ነግሬዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። በክፍሏ በር ላይ የተሰቀለ ካርቶን ነው። ላዩ ላይ በሁለቱም ቋንቋ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ሦስት ነገር ተጽፏል፤ ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ኪቦርድ እንቀይራለን። ወደ ምሥራቅ የምትጓዙ አንባቢያን፣ እዚያ ስትደርሱ እንቅልፋችሁን ለአፍታ ገታ አድርጉና በመስኮቱ ተመልከቱ፤ በስተግራ ወይም በስተቀኝ መሆኑን አልነግራችሁም፤ ሁለቱንም እዩ። ሰላም ሰንብቱ!